ወተቴ የተከሰሰበት ዓመት

መጀመሪያ የተከለከልኩት የላም ወተት ነው። ቀጥሎ ቅቤ፤ ከዚያ ለውዝ፣ እንቁላል፣ ቲማቲም፣ ባቄላ፣ ከቃሪያ የሚሠራው ዳጣ። ዓሣም ተከልክያለሁ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ዘመድ ካላመጣልን በቀር ዓሣ የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም፤ ለማንኛውም ይቅርብሽ ተባልኩ። ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላት ሲቃረብ እኔ የምበላው የተቀቀለ ድንችና በጨው ብቻ የተጋገረ የበቆሎ ቂጣ ነበር። ይህን ሁሉ የወሰነብኝ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን ብቻ እቀየም ነበር። የወሰነብኝ ግን ያገኘኝ ሰው ሁሉ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ንዴቴ እስከ ዛሬ ማረፊያ ያጣው።

ልጄ ችፌ ነበረባት። ገና በጨቅላነቷ ጉንጮቿ ቀልተው ሻከሩ፤ መዳህ ስትጀምር ወደ ክርኗ መታጠፊያ፣ ወደ ጉልበቷ ኋላና ወደ አንገቷ እጥፋት ወረደ። ሲብስበት ውሃ ያዣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ታከዋለች፤ ይደማል፤ የደማው ደግሞ መልሶ ያሳክካታል። የአባቷን ካልሲ እስከ ክንዷ አጥልቄላት ነበር የማስተኛት። ጠዋት ስነሳ ካልሲውን በጥርሷ ጎትታ አውልቃው አገኛታለሁ። እንዲያም ሆና ሳቂታ ልጅ ነበረች። ስትጠባ ብቻ ነበር እጇ ከገላዋ ላይ የሚያርፈው፤ ጡቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ከድና፣ ማሳከኩን የረሳች ትመስላለች።

በዚያን ጊዜ ሶዶ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ሃላሌ በምትባል ከተማ የወረዳ መሥሪያ ቤት ተመድቦ፣ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ጠዋት ይመለሳል፤ ያውም ዝናብ መንገዱን ካልቆረጠውና ስብሰባ ካልተጠራ ነው። ስብሰባ የማይጠራበት ቅዳሜ ጥቂት ነበር። የተከራየነው ሁለት ክፍል ቤት የአንድ የስልጤ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሱቃቸው መንገድ ዳር፣ የእነሱ ቤት ከኋላ፣ የእኛ ከጎን። ትምህርት ቤት ስሆን ልጄን የሚይዙልኝ አማቴ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በሃላሌ መንገድ ላይ ባለችው በቤሌ ከተማ ያለውን ቤታቸውን ለታናሽ ወንድ ልጃቸው ትተው፣ ወራቱን እኛ ጋ ያሳልፉ ነበር።

አማቴ ልጄን ይወዷታል። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ ምክንያቱም ንዴቴን የሰማ ሰው ሁሉ የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው። አዎ፣ ይወዷታል። በጀርባቸው አዝለው ሲያባብሏት ይውላሉ፤ በወላይትኛ እየዘፈኑ ሳይሆን እየዘመሩ፣ ግቢውን ያዞሯታል። ግን ሰው የሚወደውን ልጅ እናት መክሰስም ይችላል።

መጀመሪያ የወሰድኳት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ነጭ ገዋን የለበሰው ሰው ልጄን ላይ ላዩን አያትና ወደ እኔ ዞሮ ምን በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ገርሞኝ የታመመችው እሷ ናት አልኩት። የምትጠባው ከአንቺ ነው አለኝ። ወተት አቁሚ፣ ቅቤም አብሮ ይቅር፣ አለ። አቆምኩ። ምንም አልተለወጠም። ተመልሼ ስሄድ ለውዝ ጨመረበት። አንድ ቀን እንኳ ልብሷን አውልቆ ጀርባዋን አላየም። የሚመረምረው የእኔን ሆድ ነበር።

ከዚያ አንዱ የነገረኝን ሌላው ይቀጥልበታል። መድኃኒት መደብር ውስጥ የሚሸጠው ሰው ሴቶች ፊታቸውን ለማቅላት የሚቀቡትን ትንሽዬ ቱቦ ቅባት ሰጠኝ፤ ፊቷንም ሰውነቷንም ቀቢያት አለ። ቀባኋት። ሳምንት ሳይሞላ ጉንጯ እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆነ፤ ከደስታዬ ብዛት ለአከራያችን ሚስት ሳይቀር ወስጄ አሳየኋት። ቱቦው አልቆ ስተወው ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ፤ የአፏ ዙሪያ ሳይቀር እሳት የነካው መሰለ። ለመጠየቅ ስሄድ ሻጩ ስለ ቅባቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንቁላል ትበያለሽ እንዴ አለኝ። እበላለሁ ስለው ጉዳዩን እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እንቁላልም በዚያው ቀረ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለጸሎት መጡ። ጸለዩላት፤ ለዚያ አመሰግናቸዋለሁ። ሊወጡ ሲሉ ግን አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ በቀስታ፣ በልብሽ የያዝሽው ቂም ካለ ጡት ውስጥ ይገባል አለችኝ። የያዝኩት ቂም አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ያዝኩ።

ዘመኑ የአንድ ለአምስትና የግምገማ ዘመን ነበር። ትምህርት ቤቱ ግምገማ ላይ አንድ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ፣ በዕረፍት ሰዓት ልጅ ላጠባ ብዬ ወጥቼ እንደምዘገይ አነሳ። አብራኝ የምታስተምር ሌላ ሴት ደግሞ፣ አንድ ቀን ልጇን ይዛ መምህራን ክፍል መጥታ ነበር፣ ቁስሉ የሚጋባ ከሆነስ ብላ ጨመረችበት። ችፌ አይጋባም አልኩ። ርእሰ መምህሩ ሂሱን ትቀበያለሽ ወይስ አትቀበይም ሲል ጠየቀኝ። ልጄ መታመሟ ሂስ ነው ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ይሄ ራሱ ሂስ አለመቀበል ነው ተባለ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕረፍት ሲደወል ቤት ድረስ እየሮጥኩ ሄጄ እየሮጥኩ እመለስ ጀመር፤ ያውም በድንችና በቂጣ አቅም።

አማቴ የራሳቸው እምነት ነበራቸው። ለእሳቸው ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እያሉ መለየት ትርፍ ድካም ነው፤ ጥፋቱ ጡቴ ራሱ ነው። ጡትሽ ትኩስ ነው ይሉኛል፤ ትኩስ ጡት የልጅ ደም ያፈላል። ልጅቷ ዓመት ካለፋት ምን ትሠሪያለሽ፣ አስጥያት፣ ይሉኛል ጠዋት ማታ። እኔ ደግሞ እምቢ አልኩ። ሰው ሁሉ ምግቤን ሲነጥቀኝ ዝም ያልኩት ለእሷ ይሻላት እንደሆነ ብዬ ነው። እሷ ከምታርፍበት ከአንዱ ነገር ልለያት ግን ልቤ አልቻለም።

አንድ ዓርብ ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ እየጻፍኩ ሳለ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ስል ወለሉ ወደ እኔ መጣ። ስነቃ ተማሪዎቼ ከበውኛል፤ አንዷ በደብተሯ ታራግብልኛለች። ቤት ወሰዱኝ። ባለቤቴ በማግስቱ ደርሶ ተኝቼ አገኘኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። ያን ቀን በእጁ አጉርሶኛል፤ ያጎረሰኝ ግን ያንኑ ድንች ነበር፤ ሌላ ነገር ማን ይፍቀድለት?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አማቴ ልጃቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ተናገሩት። ይህ ጡት እናትየዋንም ልጅቷንም እየጨረሰ ነው፤ አባት ከሆንክ ዛሬ ወስን አሉት። እኔም እዚያው ነበርኩና አላስጥላትም አልኩ። በሚያሳክካት ጊዜ የምታርፈው በእሱ ብቻ ነው፣ ይህን የማየው እኔ ነኝ፣ እናንተ አይደላችሁም አልኩ። ባለቤቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቱን አየና ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት እንደልማዴ እየሮጥኩ ቤት ስደርስ በሩ ተቆልፏል። አማቴ ወደ ገበያ ይዘዋት ወጥተው ይሆናል ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። የአከራያችን ሚስት ስኳር እየመዘነች ነበር። ስታየኝ ሚዛኑን አስቀመጠች።

«ቲቸር፣ ባልሽና አማትሽ ይዘዋት ሄዱ እኮ» አለችኝ። «መልእክቱን ሲነግረኝ ነው እንደማታውቂ የገባኝ።»

«የት?»

«ቤሌ። እሱ ሃላሌ ሲሄድ እነሱን ቤሌ ሊያወርድ። ጡቷ እስኪደርቅ ነው፣ እንዳትከተለን በያት አለኝ።»

ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ። ያኔ የተሰማኝን በምን ቃል እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐዘን አልነበረም። ድንጋጤም ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ እሑድ ማታ አጠገቤ ተኝቷል። ሰኞ ጠዋት ሻይ አብረን ጠጥተናል። ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ደህና ዋይ ብሎኛል። ልጄንም ስሜያታለሁ፤ ካልሲዋን አውልቄላት፣ እጇን ስሜ ነው የወጣሁት። ይህን ሁሉ እያየ ዝም አለ፤ ከኋላዬ ልብሷን ጠቅልሎ፣ ወደ ሩቅ አገር እንደሚሄድ ሸቀጥ አስጭኖ ወሰዳት።

የአከራያችን ሚስት ሱቁን ለባሏ ትታ መናኸሪያ ድረስ አብራኝ መጣች። ነጠላ ሳልይዝ መውጣቴን አይታ የራሷን ሻርፕ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። የቤሌው ቅጥቅጥ እስኪሞላ ድረስ አብራኝ ቆመች። ለትምህርት ቤቱ ለማንም አልተናገርኩም። ከሰዓት የማስተምረው ክፍል ነበረኝ፤ በሚቀጥለው ግምገማ ያንሱት አልኩ።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። መኪናው ገና ከሶዶ ወጥቶ ቁልቁል ሲጀምር ጡቴ ሞላ። ድንጋይ ሆነ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የሚሰማኝን ሕመም የማጥባት ጊዜዋ ያለፈባት እናት ታውቀዋለች። ትንሽ እንደተጓዝን በራሱ መፍሰስ ጀመረ፤ ቀሚሴ ረጠበ፤ በሻርፑ ሸፈንኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ለዚያ ጨዋነቱ አመሰገንኩት። መርዝ ነው ተብሎ የተከሰሰው ወተት ሰዓቱን ጠብቆ መጥቶ ነበር። የሚጠጣው ግን አልነበረም። ንዴቴ ያን ጊዜ ነው ወደ እንባ የተለወጠው። እስከ ቤሌ ድረስ አለቀስኩ፤ ስወርድ ደግሞ እንባዬን ጠርጌ ወረድኩ።

ቤሌ ከሶዶ ይሞቃል። የአማቴ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ጥላ ያለው ግቢ፣ ማንጎ ዛፍ፣ ከሥሩ የጎረቤት ሴቶች ተቀምጠው። ልጄ በአማቴ ጭን ላይ ነበረች። ከሩቅ ሳያት ሌላ ልጅ መሰለችኝ። ከንፈሯ ወደ ላይ ተገልብጧል። የአንድ ዓይኗ ቆብ አብጦ ዓይኗን ዘግቶታል። አንገቷና ደረቷ ላይ ንብ የነደፋት ይመስል ቀይ ሽፍታ ወጥቶባታል። በልብስ ሳሙና ታጥባ፣ የአንድ ቅጠል ጭማቂ ተቀብታ ገላዋ አረንጓዴ ሆኗል።

«ምን ሰጧት?» አልኩ።

አማቴ አልደነገጡም። ከልባቸው ሊያረጋጉኝ ፈለጉ። እንቁላል ቀቅለው በቅቤ አድቅቀው አብልተዋት ነበር፤ ጡት ስለተወች እንድትጠነክር። አሁን ፊቷ ሲያብጥ ደግሞ ጎረቤቶቹን ጠርተው እያሳዩ ነው። «አትደንግጪ» አሉኝ በወላይትኛ። «ከጡትሽ የጠጣችው መርዝ እየወጣላት ነው።»

እንቁላል ማለት ከእኔ አፍ የነጠቁት እንቁላል ነው። እኔ በልቼው በወተቴ ሲያልፍ በሽታ ነበር፤ በቀጥታ ልጄ አፍ ውስጥ ሲገባ መጠንከሪያ ሆነ። ይህን ያን ሰዓት መናገር አልቻልኩም። ልጄን ከእጃቸው ነጥቄ ወሰድኳት። ነጥቄ ነው፤ አላሳመርኩትም። አማቴ ወደ ኋላ ተንገዳገዱ፤ ከሴቶቹ አንዷ ደገፈቻቸው። ልጄ ባንድ ዓይኗ አየችኝና እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመች።

ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። ነርሷ ትንፋሿን አዳምጣ መርፌ ወጋቻት፤ እዚሁ ቆዩ፣ ልያት አለች። በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጡቴን ሰጠኋት። በዚያ ባበጠ ከንፈሯ መያዝ አቅቷት ተቸገረች፤ ደጋግማ ሞክራ በመጨረሻ ያዘች። እብጠቱ ቀስ እያለ ጎደለ። እዚያው አደርን። አመሻሹ ላይ አማቴ ጋቢ ይዘው መጡ፤ አጠገቤ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ጋቢውን ለበስኩት። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሶዶ ተመልሰን ከመናኸሪያ በባጃጅ ቀጥታ ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከውጭ የተሰለፈው ሰው ብዛት ገና በጠዋቱ ያደከመው ይመስላል። ልጄን አስወልቆ ከፊት ከኋላ አያት። ከዚያ ወረቀቱን ሳበና ዓይኑን ሳያነሳ እኔ ምን ምን እንደምበላ ጠየቀኝ። እንደገና! አልጮህኩም።

«ዶክተር፣ የተቀቀለ ድንች እበላለሁ። ቂጣ እበላለሁ። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም። አሁን ድንቹን ሊከለክሉኝ ከሆነ ይንገሩኝና ልሂድ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ እኔ ቀረብ ብሎ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ አየ፤ ጥፍሬን አየ።

«ደም አንሶሻል» አለኝ። «ማነው ይህን ሁሉ የከለከለሽ?»

«የጠየቅኩት ሁሉ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ አስረዳኝ። ችፌ በአብዛኛው ከልጅቷ የቆዳ ተፈጥሮ የሚመጣ እንጂ ከእናት ትሪ የሚመጣ አይደለም አለ። ምግብ የሚያባብስበት ልጅ አለ፤ የትኛው ምግብ እንደሆነ በትክክል የሚለይ ምርመራ ግን እዚህ የለንም፤ ስለዚህ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ አልነግርሽም አለ። እንቁላሉ ግን በዓይን የታየ ነገር ነው፤ ትልቅ እስክትሆንና እኛው ፊት እስክንሞክረው ድረስ እሷ እንዳትቀምሰው። አንቺ ግን ብይ አለኝ። አንድ አንዱን መልሺ፣ ልጅቷን እያየሽ ቀናት ጠብቂ፣ ምንም ካላየሽ ቀጥዪ።

ከዚያ ገላዋን በምን እንደማጥብ ጠየቀኝ። በልብስ ሳሙና ነው፤ በሙቅ ውሃ፣ ጠዋትና ማታ። ሁሉም ንጽሕናዋን ጠብቂ ስላለኝ አማቴም እኔም ቆዳዋን እንደ አንሶላ እናሽ ነበር። ሳሙናውን ተዪው፣ በለብታ ውሃ በቶሎ አጥበሽ ገላዋ ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢያት አለኝ። በጣም ለባሰበት ቦታ ለጥቂት ቀን የሚሆን ደካማ ቅባት ጻፈልኝ። የመድኃኒት መደብሩን ቱቦ ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ፤ ይህ የአዋቂ ቆዳ እንኳ የሚያሳሳ ነገር ነው፣ ሕፃን ፊት ላይ የሚቀባ አይደለም አለ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ እግሬ ቀለለኝ፤ ንዴቴ ግን እጥፍ ሆነ። ዓመት ሙሉ ስንት ሰው ስለ ሆዴ ጠየቀኝ! ስለ ሳሙናው የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ሳሙና ሲጠይቁት አፍሮ አንገቱን የሚደፋ እናት አይደለማ።

ባለቤቴ ቅዳሜ መጣ። ቤሌ ሲያልፍ ሁሉን ሰምቷል። በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ሲያያት፣ ዓይኗ ተከፍቶ፣ ፊቷ በቫዝሊን እያብለጨለጨ፣ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። አትንካት አልኩት። ቀና አለ።

«ወድቀሽ አየሁሽ» አለኝ። «ልጅቷ እየጨረሰችሽ መሰለኝ። ለአንቺም ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እሺ አትይም ነበር።»

«እሺ እንደማልል ካወቅክ መልሴን ታውቀው ነበር። አውቀህ ነው የወሰድካት።»

እሱ ግን እናቱን በሰው ፊት እንደዚያ ማድረጌ ትክክል እንዳልነበር ሊነግረኝ ጀመረ፤ ፊቴን አይቶ ተወው። ያን ቀን ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዋለ። አመሻሹ ላይ ገብቶ ቫዝሊኑ እንዴት እንደሚቀባ አሳዪኝ አለኝ። አሳየሁት። ይቅርታ አድርጌለት አልነበረም፤ ልጅቷ የእሱም ስለሆነች ነው። በዚያው ሳምንት ወደ ሶዶ ዝውውር ጠየቀ። ዝውውሩ እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ ጥያቄውን ግን አልተወውም፤ ይህን እቆጥርለታለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት፣ ከባለቤቴ ዘመዶች አንድ። አማቴም ቤሌ ከሄዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረዋቸው መጡና አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ተቀመጡ። ተጸለየ፤ እናትን ስለ ማክበር ተነበበ። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ፣ አማቴን በጎረቤት ፊት ስላዋረድኩ ተነስቼ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ለዘብ ባለ አንደበት ጠየቁኝ። ስለ እንቁላሉ አንድ ቃል አልነበረም። ልጄን ከቤቴ ስለ መውሰዳቸው አንድ ቃል አልነበረም። የእኔ መንጠቅ ብቻ ነው ቤሌ ላይ የተፈጸመው ጥፋት።

«ልጄን ከእጃቸው የነጠቅኩት እውነት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አልኩ። «እሳቸውም ልጄን ከቤቴ ስለወሰዱብኝ ይጠይቁኝ።»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አማት ምራትን ይቅርታ አትጠይቅም፣ ወጉም አይደለም አሉ። እንግዲያው እኔም ቁጭ ብያለሁ አልኩ። ባለቤቴ ተነስቶ መጥቶ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። ሻይ ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ እንደገና ተጸለየ፤ ታርቀዋል ተብሎ ተነገረ። ማንም ማንንም ይቅርታ አልጠየቀም።

ምግቡን ወደ አፌ የመለስኩት በሙቹዋ ነው፤ ቆጮ ከቅቤ ጋር። የአከራያችን ሚስት ቅቤውን ከሱቃቸው ሰጠችኝ፤ ከራሷ ቤት ቡላ ጨምራ መጥታ አብራኝ በላች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ የምሠራው ወንጀል ይመስል ልጄን ሰርቄ አየኋት። በማግስቱ አየኋት፤ በሦስተኛውም አየኋት። ምንም የለም። ወተት፣ ምንም። ባቄላ፣ ምንም። እኔ እንቁላል ስበላም ያየሁባት ለውጥ አልነበረም። ቲማቲም እሷ ራሷ ስትበላ አፏ ዙሪያ ቀላ ይልባት ነበር፤ ለጥቂት ወራት ተውንላት፤ አድጋ ስትበላ ግን ደህና ሆነ። ችፌው ፈጽሞ አልጠፋም። በበጋ፣ አቧራና ደረቅ ነፋስ ሲበዛ፣ ከጉልበቷ ኋላ እስከ ዛሬ ይነሳባታል። ግን አንሶላዋ ላይ ደም ማየት ቀረ።

አማቴ ቆይተው ወደ እኛ መመላለስ ጀመሩ። ቫዝሊኑን ከእኔ በላይ አጥብቀው የሚቀቧት እሳቸው ሆኑ። አንድ የሠርግ ቤት ውስጥ ግን ለዘመዶቻቸው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰማኋቸው፤ ያኔ ቤሌ ወስጄ መርዙን ባላስወጣላት ይህች ልጅ አትድንም ነበር ይላሉ። የሰማው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ፀጉሯን እየደባበሱ ነበር። ሳህኔን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ልጄ ጡት የተወችው ሁለት ዓመት አልፏት፣ በራሷ ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነስታ ዳቦ በሻይ ጠየቀች፤ በላችና ከአከራዮቻችን ልጆች ጋር ለመጫወት ወጣች። ማታም አልጠየቀችኝም። ማንም ጡቴ ላይ ምንም ሳይቀባ፣ ማንም ሳይወስዳት። አምስት ዓመት ሲሆናት እዚያው ሆስፒታል እየጠበቁ እንቁላል አስቀመሷት፤ ምንም አልሆነችም። ዛሬ ኮረዳ ናት፤ የዚያን ዓመት ነገር ስነግራት ትስቃለች፤ አያቷን ትወዳቸዋለች፤ እንድትጠላቸውም አልፈልግም።

ሰዎች አልፏል እኮ ይሉኛል። ለእሷ አልፏል፤ ተመስገን። እኔ ግን ያን ዓመት ሙሉ በምግብ መካከል ተርቤያለሁ፣ በክፍሌ ፊት ወድቄያለሁ፣ ልጄ ከቤቴ ተወስዳብኛለች። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰው መጥቶ ተሳስተን ነበር አላለኝም። ያ ቃል እስኪመጣ ድረስ ንዴቴን ከማንም ጋር አላስታርቅም።